በክራሬ መሃል የገባ ጣሪያ ጠጋኝ

ቅናተኛ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራችሁ ነው። በሰው መኪና አልቀናም። በሰው ቤትም አልቀናም፤ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ባለ ሁለት ጋራዥ ቤት የገዛ ጓደኛዬን ከልቤ «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ፣ ዕቃ ሳግዘው ያንኑ ሶፋ ከግድግዳ ግድግዳ ሲያመላልሰኝ እንኳን አልተቀየምኩትም። የምቀናው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እኔ ግጥም ሳነብ ሳል የሚነሳበት ሰው፣ ሌላው ሲያነብ ሳሉን ዋጥ አድርጎ ካዳመጠ፣ ያን ቀን እራት አይበላልኝም።

ግጥም ያስተማረኝ የለም። መጽሐፍ ከሰው እየተዋስኩ፣ ያልገባኝን እንደገባኝ እየቆጠርኩ፣ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሥራዬ ሰው ከኤርፖርት ማመላለስ ነው። ስንኝ የሚመጣልኝም ቀይ መብራት ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ግጥሞቼ ብዙውን ጊዜ ሳይታሰብ የሚያልቁት። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያለው መብራት ረጅም ስለሆነ እዚያ የጀመርኳቸው ይሻላሉ ይባላል። ይህን የሚለው ሰው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ነገሩ። እኛ ዘንድ ግጥም ባዶውን አይነበብም። ከሥሩ ክራር ወይም ዋሽንት ካልፈሰሰለት፣ ሰው ገና ማይክ እየተሞከረ ነው ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። ክራሩ ሲጀምር ነው «እሺ፣ ግጥም ነው» ተብሎ ስልክ ኪስ የሚገባው። ክራር የሚመታ ጓደኛ ያለው ገጣሚ የታደለ ነው። እኔ ያለኝ ላፕቶፕ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ረጅም የክራር ቪዲዮ እከፍታለሁ፤ ድምፁን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ዓይኔን ጨፈን አደርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ቪዲዮ ካለ ማስታወቂያ አለ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ጋ አልነበረም። አድ ብሎከር ነበረችኝ። ኢንተርኔት በምከፍትበት ብሮውዘር ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ኤክስቴንሽን ናት። ሰርግ ቤት በር ላይ ቆመው ያልተጠራውን ሁሉ «አንተ ደግሞ የማን ነህ?» እያሉ የሚመልሱ አጎት አይጠፉም አይደል? እንደሳቸው ናት። ማስታወቂያ ሲመጣ ከበር ትመልሰዋለች፤ ውስጥ ያለው ሰው መምጣቱንም አያውቅም።

እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ፣ ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት። ጋሽ ኑሩ ኢስት ኮልፋክስ ላይ ጤፍና ቅመም ይሸጣሉ፤ ከሱቁ ጀርባ ጠረጴዛ ደርድረው ሻይና ሳምቡሳም አላቸው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቲቪ ሰቅለው ከኮምፒውተር ጋር አያይዘውታል። አንድ ቀን ቁርኣን ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ በመሃል የቢራ ማስታወቂያ ዘው አለ። እኔ ስደርስ ጋሽ ኑሩ ሪሞት አጥተው በሁለት እጃቸው ስክሪኑን ሊሸፍኑ እየታገሉ ነበር። ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ እሳቸው አጭር ናቸው። ኤክስቴንሽኗን ጫንኩላቸው፤ ቢራው በዚያው ቀረ።

ወሬው ሲዛመት የክርስቲያኖቹም ቤት ተጠራሁ። እማማ አበበች የሚባሉ ሴት በዐቢይ ጾም መዝሙር በከፈቱ ቁጥር አይብ የሚንጠባጠብበት በርገር እየመጣ መከራቸውን ያያሉ። እሱንም አስወጣሁላቸው። ምርቃታቸው ብሮውዘር ላይ ቢሠራ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ጋሽ ኑሩም እሁድ እሁድ ከሱቁ ጀርባ ሰው ሲሰበሰብ ማይኩን ለኔ መስጠት ጀመሩ። ግጥሜን ወደው ነው ወይስ ለቢራው ውለታ? ይህን ጥያቄ ራሴን አልጠየቅኩም፤ የማልወደው መልስ ያለው ጥያቄ አልወድም። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ የልጃቸው የሃናን ሰርግ ሲቃረብ «ግጥሙን አንተ ነህ የምታነብልን» አሉኝ። አዳራሽ ነው፣ ዴንቨርና አውሮራ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚመጣበት። ከዚያ ወዲያ ቀይ መብራት ሲይዘኝ ለመብራቱ ፈገግ እልለት ነበር።

ከዚያ ቢኒ መጣ።

ቢኒ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠራ፣ በ15 ቁጥር አውቶቡስ የሚሄድ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ግጥም እንደሚጽፍ ሲነግረኝ ደስ አለኝ፤ የሚያደንቀኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር። አድ ብሎከርም የጫንኩለት እኔ ነኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሌላ ብሮውዘር ይጠቀም ጀመር፤ እኛ ሰፈር ማንም የማይከፍተውን።

«ለምን ቀየርክ?» አልኩት።

«ያኛው ኤክስቴንሽኖቹን ሊዘጋ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«እነማን ሲሉ?»

«ኢንተርኔት ላይ።»

«ኢንተርኔት ላይ ያልተባለ ምን አለ» አልኩና፣ እሁድ ሰው በተሰበሰበበት «ቢኒ መንገዱ ሊዘጋ ነው ብሎ ግመል ገዛ» ብዬ አሳቅሁበት። ሰው ሳቀ። ቢኒም አብሮ ሳቀ። ሲሳቅበት አብሮ የሚስቅ ሰው እንደሚያስፈራ ያኔ አላወቅኩም።

አንድ ማለዳ ላፕቶፔን ስከፍት የኤክስቴንሽኗ ምልክት ከጥጓ ጠፍታለች። በምትኳ መልእክት አለ፤ ይህ ኤክስቴንሽን ከእንግዲህ ድጋፍ ስለሌለው ተዘግቷል ይላል። ብሮውዘሩ ደንቡን ቀይሮ አሮጌዎቹን ኤክስቴንሽኖች አሰናብቷቸዋል። ያን ሁሉ ዘመን በር ላይ የቆመች፣ አንድ መስመር ተጽፎላት ሄደች። እኔ ደግሞ ትመለሳለች ብዬ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት። በሕይወቴ ውስጥ ሌላ መፍትሔ ኖሮኝ አያውቅም።

ጋሽ ኑሩ ደወሉ።

«ልጄ፣ ቢራው ተመልሷል» አሉኝ። ድምፃቸው መርዶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ነበር።

እማማ አበበችም ደወሉ። «በርገሩ መጣ እኮ። ምን አጥፍቼ ነው?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስልኬ አላረፈም። ሁሉም የሚያናግረኝ ማስታወቂያውን የላክሁት እኔ እንደሆንኩ አድርጎ ነው። «እየሠራሁበት ነው» እላለሁ። ሥራው አጥፍቶ ማብራት ነው።

በመጨረሻ አዲሱ ደንብ የሚፈቅዳትን ቀለል ያለች ኤክስቴንሽን አገኘሁ፤ የፊተኛዋ ታናሽ እህት በሏት። እሷም በር ላይ ትቆማለች፤ ግን ዓይን አፋር ናት። አንዱን ትመልሳለች፤ ድርቅ ያለውን «ግባ» ትላለች። አልበቃኝም። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ሌላ ፈልጌ የጋሽ ኑሩ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ። ቢራው ቀረ። በቢራው ፋንታ ግን የቦርጭ ማጥፊያ ክኒን፣ ዕድል የሚነግር ሰውዬና እርቃኗን ልትሆን ትንሽ የቀራት ሴት በየተራ ብቅ ይሉ ጀመር። ጋሽ ኑሩ እንደገና እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑ ፊት ቆሙ። «ልጄ» አሉ ጀርባቸውን ሳያዞሩ፣ «ቢራውን መልስልኝ።»

በዚህ ሰዓት ነው ቢኒ ከ15 ቁጥር ወርዶ የገባው። የኔን ጉድ ሁሉ ነቃቅሎ፣ የግመሉን ብሮውዘር አውርዶ፣ የፊተኛዋን ኤክስቴንሽን ራሷን መልሶ ቦታዋ አቆማት። እዚያኛው ብሮውዘር ላይ ማንም አላባረራትም። ቁርኣኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ጋሽ ኑሩ ለቢኒ ሳምቡሳ አቀረቡለት። ሳምቡሳውን አየሁት። ለኔ ከሚቀርበው ይተልቃል።

በዚያው እሁድ ማይኩ ለቢኒ ተሰጠ። ዋሽንት ከፈተ፤ ዋሽንቱ እንደ ውኃ ወረደ፤ ማንም ምንም አልሸጠልንም። ሳል ያለበት ሰውዬ እንኳን፣ ሁልጊዜ ሦስተኛው ስንኜ ላይ የሚስለው፣ አፉን በመዳፉ ይዞ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ታገሠ። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

«ጥሩ ልጅ ነው» አሉኝ ጋሽ ኑሩ።

«በጣም» አልኩ።

«ዋሽንቱ ንጹሕ ነው።»

«ዋሽንቱ የሱ አይደለም እኮ ጋሼ፣ የኢንተርኔት ነው።»

«ያንተም ክራር የኢንተርኔት ነው» አሉና ሻይ ሊቀዱ ሄዱ። ከዚያ ከሩቅ ሆነው የፈራሁትን ተናገሩ። «ግሪን ቫሊ የገዛሁትን ቤት የዛሬ ሳምንት እናስመርቃለን። ሁለታችሁም አንብቡ። ለሰርጉ ከዚያ እናያለን።»

እናያለን። የተሰጠኝ ነገር «እናያለን» ውስጥ ገባ።

«ለምን ክራሩን አስቀድመህ አውርደህ አታስቀምጠውም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። «ለምን ቢኒን አትጠይቀውም?» የሚልም አለ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ቅናት ያልያዘው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይታየዋል። ለኔ የታየኝ ሌላ ነው፤ ማስታወቂያው ሳይደርስብኝ መጨረስ። ግጥሜን ማሳጠር ጀመርኩ። በመጀመሪያ መግቢያው ወጣ፤ ቀጥሎ ናፍቆቱ ወጣ፤ ቀጥሎ የምትናፈቀዋ ሴትዮ ራሷ ወጣች። የቀረውን ደግሞ በፍጥነት ማንበብ ተለማመድኩ። መኪና ውስጥ ስለማመድ አንድ ተሳፋሪ «ምን ያስቸኩልሃል፣ ሰርጀሪ ልትገባ ነው?» አለኝ።

ለቤቱ ምርቃት የጻፍኩት ግን ማጠር አልቻለም። ጥሩ ነበር፤ ይህን እንኳን ፍቀዱልኝ።

የጋሽ ኑሩ አዲስ ቤት ውስጥ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። እንግዳው ሁሉ የሰፈሩ ቤት ገዢ ነው፤ ስለ ሣር፣ ስለ ጎረቤት አጥርና ባለፈው ስለወረደው በረዶ ያወራል። ይህን አገር የማያውቅ ካለ፣ እዚህ በረዶ ሲወርድ መኪና እንደ ተወቀጠ ብረት ድስት ይሰረጎዳል፤ ጣሪያም ይበሳል። ላፕቶፔን ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁ። ክራሩ ጀመረ። ስልኮች ኪስ ገቡ። አነበብኩ፦

*ቤት ግድግዳ አይደለም፣ ቤት ጣሪያም አይደለም፤*
*ሳቅ ያልገባበት በር ተከፍቶ አያውቅም።*

ትንፋሽ ልወስድ ቆም አልኩ። ቆም እንድል ያስተማርኩት እኔው ራሴን ነኝ፤ ገጣሚ እዚህ ላይ ዝም ካላለ ሰው አያስብም። ዝም ባልኩበት ቅጽበት ታናሽ እህትየዋ፣ ዓይን አፋሯ ኤክስቴንሽን፣ በር ከፈተች። ከድምፅ ማጉያው ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ያባት የሚመስል ድምፅ ወጣ፤ በአማርኛ፤ ከሥሩም ክራር አለው፦

*ወገኔ ሆይ፣ ጣሪያህን በረዶ መታው ወይ?*
*ዝናቡ እስኪገባ ተኝተህ ልታይ ነው ወይ?*

ላፕቶፑ ማን እንደሆንን፣ የት እንደተሰበሰብንና ምን እንደሚያስጨንቀን ከኔ በላይ ያውቃል። እኔ ማይክ ይዤ፣ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። አንድም ሰው ማስታወቂያ ነው አላለም። ቤት ጣሪያ አይደለም ብዬ ጀመርኩ፣ ጣሪያህን ተመልከት የሚል መለሰልኝ፤ ቀርፄ ያመጣሁት ምላሽ መሰላቸው። የጋሽ ኑሩ ታላቅ እህት እትዬ ዘይነባ «ውይ፣ ውነቱን ነው» አሉ። ሳል ያለበት ሰውዬ አልሳለም። ድምፁ ቀጠለ፤ መሰላል ይዘን እንመጣለን አለ፣ ወጥተን እናያለን አለ፣ እንደ ቤታችን አለ። «ይደውሉልን» ሲል ነው አንዱ ገብቶት ስልኩን ከኪሱ ያወጣው።

«ቁጥሩን ያዛችሁት?»

«ቀስ በል፣ እንደገና ይለዋል።»

«ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል እንዴ?»

«የኔን ሸፍኖልኛል፣ ና ውጣና ላሳይህ።»

ግማሹ ሰው ጣሪያ ሊያይ ግቢ ወጣ። ክራሩ ተመልሶ መጣ፤ ቀሪውን ግጥሜን ለእትዬ ዘይነባና ለሶፋው አነበብኩ። እትዬ ዘይነባ መሃል ላይ ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ ነበር።

ሰው ሲመለስና ምግብ ሲነሳ፣ የቢኒ ላፕቶፕ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተከፍታ አየኋት። ዋሽንቷ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ከላይ በጥጓ የኔዋ ኤክስቴንሽን፣ ያቺው የበሯ ዘበኛ፣ ምልክቷ ደምቆ። ላንቺ ያላደረግኩት ምን አለ አልኳት በልቤ። ለስንቱ አስተዋወቅኩሽ። አሁን የሰው ዋሽንት ትጠብቂያለሽ። ጠጋ ብዬ ስነካት ትንሽ መስኮት ከፈተች፤ ውስጧ ማብሪያና ማጥፊያ አላት። ጣቴ እዚያ ላይ ሆነ። አንዴ ብጫነው የቢኒንም ዋሽንት ፍራሽ ሻጭ ይገባበታል። ፍራሽ ሻጩ ሲገባ፣ ሳል ያለበት ሰውዬ ሲስል፣ ሁሉም ታየኝ፤ ደስ አለኝ።

«ዋት አር ዩ ዱዊንግ?» አለች ሃናን። ሙሽሪት ሰሐን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። «የቢኒ ላፕቶፕ አይደል?»

«ቻርጁን እያየሁ ነው።»

«ቻርጁ እዛ ጋር አይደለም።»

ቢኒም መጣ። ጣቴን አየ፤ ማጥፊያዋን አየ፤ ፊቱ በራ። «ልትጠይቀኝ አፍረህ ነው አይደል?» አለ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አምጣው ላፕቶፕህን።» እዚያው ቆሞ፣ አንድ እጁ ሳምቡሳ ይዞ፣ ብሮውዘሩን አወረደልኝ፤ ኤክስቴንሽኗን አስገባልኝ፤ ክራሬን ከፍቶ አሰማኝ። ሳምቡሳው ሳያልቅ አለቀ። ያ ሁሉ ቁርጥራጭ ግጥም፣ ያ ሁሉ ያልተበላ እራት፣ ለዚህች ነው። በዚያች ደቂቃ በቢኒ ደግነትም ቀናሁ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ግመሉን አነሳበት ነበር።

ከዚያ ቢኒ አነበበ። ዋሽንቱ ወረደ፣ ጨዋ ጭብጨባ ተጨበጨበለት። በቃ፣ ሰርጉ ሄደ ብዬ ጫማዬን ስፈልግ ጋሽ ኑሩ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ሰርጉ ላይ አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አንተ። ሰዉን አነቃነቅከው እኮ።»

እስከ ሰርጉ ድረስ የነበረኝን ጠባይ ቢኒ ይንገራችሁ። ትከሻውን መታ መታ እያደረግኩ «ያንተም ጥሩ ነው፣ በርታ» እለው ነበር። የዝምታ አጠቃቀም ላስተምርህ ያልኩትም ይመስለኛል። ናፍቆቱን መለስኩ፤ መግቢያውን መለስኩ፤ ሴትየዋን መለስኩ። ግጥሙ በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙ ሆነ።

የሰርጉ ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። ሃናን በወርቅ አብረቅርቃ ከባሏ ጋር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ክራሩን ከፈትኩ። እንደ ውኃ ወረደ። ዘበኛዬ በሯ ላይ ናት፤ ማንም አልገባም። አነበብኩ፤ ቆም ባልኩበት ሁሉ ዝምታው ዝምታ ሆነ። ሳል ያለበት ሰውዬ ዋጥ አደረገ። የመጨረሻውን ስንኝ አውርጄ አንገቴን ደፋሁና ጭብጨባውን ጠበቅኩ።

ሰዉም ይጠብቃል። ሁሉም በጉጉት ድምፅ ማጉያውን ያያል።

«ጣሪያው የታለ?» አሉ እትዬ ዘይነባ ከፊት ወንበር።

«የቱ ጣሪያ?» አልኩ። ማይኩ ክፍት ነበር።

«ያ ወገኔ የሚለው ነዋ» አሉ ጋሽ ኑሩ፣ ለእንግዶቻቸው የነገሩት ነገር እንደቀረባቸው ሰው ፊታቸው ጠቁሮ። «ልጄ፣ የመረጥኩህ ለሱ እኮ ነው። አላመጣኸውም?»

ከሦስተኛው ጠረጴዛ ቢኒን አየሁት። ዛሬ ግን አልሳቀም፤ በዓይኑ ብቻ «አንተው በለው» ይለኛል። እኔ ግን ያን ጊዜ በቢኒ አልነበረም የምቀናው። ፊቱን አይቼው በማላውቀው፣ ይሄኔ አንዱ ጣሪያ ላይ ሚስማር አፉ ውስጥ ይዞ በተቀመጠው ጣሪያ ጠጋኝ ነበር። መጽሐፍ አልተዋሰም። ቀይ መብራት ላይ አልተጨነቀም። ሁለት ስንኝ ነው ያለው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይጠብቀዋል።

ላፕቶፑን አየሁት። ማስታወቂያ ማጥፋት እንጂ መጥራት አይቻልም። ሃናን ከላይ ሆና «ፕሊስ» አለች በከንፈሯ ብቻ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ድምፄን አወፈርኩ፣ የአባት ድምፅ አስመሰልኩት። «ወገኔ ሆይ» አልኩ፣ «ጣሪያህን በረዶ መታው ወይ?»

አዳራሹ ተናወጠ። እልልታው ከእትዬ ዘይነባ ጀመረና እስከ በሩ ሄደ። ሙሽራው ተነሥቶ አጨበጨበ። ሳል ያለበት ሰውዬ በሳቅ ሲስል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሉን ወደድኩለት። መሰላሉን ጨመርኩ፤ ወጥተን እናያለን ጨመርኩ፤ እንደ ቤታችን ጨመርኩ። እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

«ቁጥሩስ?» አለ አንዱ ከኋላ፣ ስልኩን አውጥቶ።

ቁጥሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ሳልሳሳት፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ፣ በክራር አነበብኩለት።